የገጽ ሸካራነትን ከፎቶ መለየት፦ ውጤቴ ያታለለኝ የት ላይ ነበር

እንጨት፣ ጡብ፣ ጨርቅ፣ ሲሚንቶና ብርጭቆ ወረቀት። አምስቱን ከፎቶ የሚለይ ፕሮግራም ልሠራ ተነሳሁ። ኩባያን በቅርጹ ታውቀዋለህ፤ ተጠግተህ ያነሳኸው ጡብ ግን ቅርጽ የለውም፣ ያለው የሸካራነቱ መደጋገም ብቻ ነው።

የጀመርኩት እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የፊንላንዱ ኦሉ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባስተዋወቁት ኤልቢፒ በሚባለው ዘዴ ነው። አንድ ፒክሰል፣ ማለትም አንዲት የምስሉ ነጥብ፣ ከ8 ጎረቤቶቹ ጋር ይነጻጸራል፤ ጎረቤቱ እኩል ወይም የደመቀ ከሆነ 1፣ ከጨለመ 0 ይጻፋል። 8ቱ ሲገጣጠሙ ከ0 እስከ 255 ያለ ቁጥር ይወጣል። ከዚያ የትኛው ቁጥር በምስሉ ላይ ስንት ጊዜ እንደመጣ መቁጠር ነው። መብራቱ በጠቅላላው ቢደበዝዝም የፒክሰሎቹ ብልጫ ስለማይለወጥ ቁጥሩ አይነካም። ይህን ያህል ቀላል ሆኖ እንዲህ መሥራቱ ዛሬም ይደንቀኛል።

ቆጠራውን ከምሳሌዎች ተምሮ ነገሮችን በየዓይነታቸው ለሚለየው ኤስቪኤም ለሚባል ዘዴ ሰጠሁት፤ ውጤቱ መቶ ከመቶ ሊሞላ ጥቂት ቀረው። በማግስቱ አዲስ ፎቶ ሳስገባ ግን ጨርቁን ሲሚንቶ አለኝ። ሁለት ቀን ኮዱን ሳገላብጥ ከረምኩ፤ ኮዱ ጤነኛ ነበር። ችግሩ ዳታውን የከፈልኩበት መንገድ ነው። እያንዳንዱን ትልቅ ፎቶ ቆራርጬ፣ ቁራጮቹን ቀላቅዬ ለማሠልጠኛና ለመፈተኛ አድያቸው ነበር። ስለዚህ ሞዴሉ የተፈተነው ቀድሞ ባየው በዚያው ጨርቅ፣ በዚያው መብራት ነው። ፎቶዎቹን መጀመሪያ ለይቼ ከዚያ ስቆርጥ ውጤቱ አሽቆለቆለ። ያኔ ከፋኝ፣ ግን የማምነው ቁጥር ያገኘሁት ያን ቀን ነው።

ቀጥዬ ሬስኔት የሚባል፣ በሌሎች ምስሎች አስቀድሞ የሠለጠነ የነርቭ መረብ ሞዴል ሞከርኩ። ፎቶውን ወደ 224 በ224 ፒክሰል ሳሳንሰው የብርጭቆ ወረቀቱ ቅንጣቶች ጠፍተው ልሙጥ ቡናማ ገጽ ብቻ ቀረ። ማሳነሱን ትቼ ከሙሉው ፎቶ በዚያው መጠን መቁረጥ ያዝኩ፤ ብርጭቆ ወረቀቱ ወዲያው ተለየ።

ከሁሉም ያስቸገረኝ የብርሃን አቅጣጫ ነው። ከጎን ሲበራበት እያንዳንዱ የጡብ ጉድጓድ ጥላ ይጥላል፤ ፊት ለፊት ሲበራበት ያው ጡብ ለጥ ያለ ይመስላል። ኤልቢፒም ይህን አያድንም። ኬቲኤች ቲፕስ የተባለው የምስል ስብስብ አንዱን ቁስ በ9 ርቀት፣ በ3 የብርሃን አቅጣጫና በ3 አቀማመጥ 81 ጊዜ ማንሳቱ የገባኝ ያኔ ነው። እኔም ሞዴሉን ትቼ መብራቱን እያዞርኩ አምስቱንም እንደገና አነሳኋቸው።