«ሥጋ የለበትም» ሲሉኝ

ሥጋ ካቆምኩ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል። ዶሮም ዓሣም አልበላም። ወተት፣ አይብና እንቁላል እበላለሁ። ቤቴ ውስጥ በዚህ ተቸግሬ አላውቅም። ፈተናው ወጥቼ ስበላ ነው።

አንድ ጊዜ የጓደኛዬ ልደት ላይ የአትክልት ሾርባ አዘዝኩ። አስተናጋጁን «ሥጋ አለበት?» ስለው «ኧረ የለበትም» አለኝ። ግማሹን ከጠጣሁ በኋላ ጓደኛዬ በማንኪያ ቀመሰችና «ምን ገብቶበት ነው እንዲህ የጣፈጠው?» አለችው። ልጁ ደስ ብሎት «መረቁ ነዋ! አጥንቱ ከጠዋት ጀምሮ ሲፈላ ነው የዋለው» አላት። ማንኪያዬን አስቀመጥኩ። ልደቷን እንዳላበላሽባት ምንም አልተናገርኩም፤ ግን ያን ምሽት ሌላ ነገር መብላት አልቻልኩም።

ልጁ አልዋሸኝም። ለእሱ ሥጋ ማለት በሹካ የሚነሳው ቁራጭ ነው። ብዙ ሰውም የሚረዳው እንደዚያ ነው። ስለዚህ ጥያቄዬን ቀየርኩ። አሁን የምጠይቀው «በምን መረቅ ተሠራ? በምን ዘይት ተጠበሰ?» ብዬ ነው። አስተናጋጁ እርግጠኛ ካልሆነ «እባክህ ወንድሜ፣ ሼፉን ጠይቅልኝ» እላለሁ። ጠይቆ ሲመለስ ብዙ ጊዜ መልሱ ከመጀመሪያው ይለያል።

ሩዝ በዶሮ መረቅ ሊበስል ይችላል። የሲዘር ሰላጣ ሶስ ውስጥ ብዙ ጊዜ አንቾቪ የሚባል ትንሽ ዓሣ ይገባል። የታይላንድ ካሪ አትክልት ብቻ ቢመስልም ብዙ ጊዜ የዓሣ ሶስ አለበት። የጃፓን ሚሶ ሾርባም የሚሠራበት መረቅ አብዛኛውን ጊዜ ከደረቀ ቦኒቶ ዓሣ የሚወጣ ነው። ጣፋጩም ቢሆን ይጠየቃል። ፓናኮታ የሚባለውን የጣሊያን የክሬም ጣፋጭ የሚያረጋው ጄላቲን የሚሠራው ከእንስሳት ቆዳና አጥንት ነው። እኔን ከሁሉም በላይ ያስደነገጠኝ ግን አይብ ነው። ፓርሚጃኖ ሬጃኖ የሚባለው የጣሊያን አይብ የሚረጋው ከጥጃ ጨጓራ በሚወጣ ማርጊያ ነው፤ የአሠራር ደንቡም ሌላ ማርጊያ አይፈቅድም። ይህን ያወቅሁት ፓስታዬ ላይ ሦስት ዓመት ስነሰንሰው ከቆየሁ በኋላ ነው። በጣም ነበር ያዘንኩት።

የመጥበሻ ዘይት ሌላ ጉዳይ ነው። ዶሮ በተጠበሰበት ዘይት የተጠበሰ ድንች እኔ አልበላም። እንደ እኔ ሥጋ የማትበላ አንዲት ጓደኛ አለችኝ፣ እሷ ግን ዘይቱ አያስጨንቃትም። ሁለታችንም አንሳሳትም። ዋናው ነገር ድንበርሽን ቤትሽ ሆነሽ መወሰን ነው። አስተናጋጁ ቆሞ እየጠበቀሽ፣ ሰው ሁሉ እያየሽ፣ ያኔ አይወሰንም።

«ቬጀቴሪያን ነኝ» ብቻ ብሎ ማለፍም አያዋጣም። አንዳንዱ ዓሣ ይዞ ይመጣል። ሌላው ቪጋን መስሎት አይቡን ያነሳል። ቪጋን የሚለው ቃል ራሱ እ.ኤ.አ. በ1944 እንግሊዝ ውስጥ የወጣው ወተትና እንቁላልም የማይበሉት ከሌላው ቬጀቴሪያን የሚለዩበት ስም ስላስፈለጋቸው ነው። ስለዚህ የማልበላውንም የምበላውንም በግልጽ እዘረዝራለሁ። ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።

ቦታ ምረጪ ከተባልኩ የሕንድ ምግብ ቤት እላለሁ። ሜኑው ላይ ከሥጋ ነፃ የሆነው አብዛኛውን ጊዜ ለብቻው ተጽፎ ይገኛል። ምርጫው የእኔ ካልሆነ ደግሞ ቀደም ብዬ እደውላለሁ። ከምሳ ግርግር በኋላ፣ የእራት ሰው ሳይገባ ነው መደወል። ያን ሰዓት ወጥ ቤቱ ፋታ አለው፣ ሰውም ረጋ ብሎ ያናግራል።

«ሥጋውን አውጥተን እናምጣልሽ» ሲሉኝ እሺ አልልም። መረቁ እዚያው ነው። ደግሞም ሙሉ ዋጋ ከፍዬ፣ ዋናው ነገር የተነሳለት ሳህን ይቀርብልኛል፤ ርቦኝም እወጣለሁ። በምትኩ ባቄላ፣ እንጉዳይ ወይም እንቁላል እንዲያደርጉልኝ እጠይቃለሁ። ካልሆነ ለሌሎች ማባያ ተብለው ሜኑው መጨረሻ ላይ የሚጻፉትን ሦስት አራት አይነት አዝዤ አንድ ላይ እበላለሁ። እውነቴን ነው፣ ከገባሁባቸው ቤቶች ብዙዎቹ ውስጥ ምርጡን ምግብ ያገኘሁት ከእነዚህ ነው።

ያቺ ጓደኛዬ ዘንድሮም ልደቷን ውጭ አከበረች። እኔ ሳልነግራት ከሰዓት ደውላ ነበር። ሩዙ በዶሮ መረቅ እንደሚበስል ሲነግሯት ለአንድ ሰው ብቻ በውኃ እንዲያበስሉ ለመነቻቸው። ማታ የሁሉም ምግብ ቀረበ፣ የእኔ ዘገየ። ብሉ ብላቸው እምቢ አሉ። ሩዙ እስኪመጣ አንዳቸውም ሹካ አላነሱም።