የደንበኛን ሰነድ ወደ አዲስ አበባ ከመላካችሁ በፊት

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ውስጥ አነስተኛ የታክስ ቢሮ አለኝ። ከጃንዋሪ መጨረሻ እስከ ኤፕሪል 15 ሥራው ከአቅሜ በላይ ስለሚሆን፣ ሰነድ መለየቱንና ቁጥር ማስገባቱን አዲስ አበባ ላሉ ሁለት የሒሳብ አያያዝ ምሩቃን ሰጠሁ። ልጆቹን በዘመድ ጥቆማ አገኘኋቸው፤ የአሜሪካ ታክስ ከፋይ አለመሆናቸውን የሚገልጸውን ደብልዩ-8 ቤን የተባለውን ቅጽ አስሞላሁ፤ ክፍያውን በባንክ ላክሁ።

ጥቅሙ እውነተኛ ነበር። ከምሽቱ 12 ሰዓት ቢሮዬን ስዘጋ አዲስ አበባ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው፤ ጠዋት ስመለስ ያስቀመጥኩት ክምር ተሠርቶ ይጠብቀኛል። እዚህ ለአንድ የወቅት ረዳት የምከፍለው ገንዘብ እዚያ ለሁለቱም ከበቂ በላይ ነበር። መብራት ወይም ኢንተርኔት የጠፋባቸው ቀናት ቢኖሩም ሥራውን የሚያቆሙ አልነበሩም።

ያበላሸሁት ሌላ ነገር ነው። አንዲቷ ልጅ በአንድ ደንበኛዬ የመኪና ወጪ ላይ ጥያቄ ቢኖራት፣ ጊዜ ለመቆጠብ ብላ በቀጥታ በቴሌግራም ጻፈችላቸው። ጋሼ ለዓመታት ታክሲ የነዱ ሰው ናቸው። በማግስቱ መጡና ስልካቸውን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጠው፣ «ልጄ፣ ሶሻሌን ለወለድኳቸው እንኳ አሳይቼ አላውቅም፤ አዲስ አበባ ምን ይሠራል?» አሉኝ። ሶሻል ያሉት ዘጠኝ አኃዝ ያለውን የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥራቸውን ነው። የምመልሰው አጣሁ።

ጠበቃ ሳማክር የባሰው ተገለጠልኝ። በፌዴራሉ የታክስ ሕግ አንቀጽ 7216 መሠረት፣ የደንበኛን የታክስ መረጃ ከአሜሪካ ውጭ ላለ ሰው ለመላክ አስቀድሞ በጽሑፍ የተሰጠ ፈቃድ ያስፈልጋል። «የራሴ ሠራተኞች ናቸውና ምን ችግር አለው» ብዬ ነበር፤ ነገር ግን ያለ ፈቃድ በቢሮ ባልደረቦች መካከል መረጃ መለዋወጥ የሚቻለው ሁሉም አሜሪካ ውስጥ ሲሆኑ ብቻ ነው። ፈቃዱ ሰነዱ ከመላኩ በፊት ካልተፈረመ ዋጋ የለውም፤ የፊደሉ መጠን እንኳ ከ12 እንዳያንስ ተወስኗል። እያወቀ ወይም በግዴለሽነት ለጣሰ ቅጣቱ እስከ 1 ዓመት እስራት ይደርሳል፤ ከዚያ በተለየ ለእያንዳንዱ ጥሰት 250 ዶላር የሚያስከፍል ድንጋጌም አለ። ሥራን ወደ ውጭ አገር ልኮ ስለማሠራት ገንዘብ ከፍዬ ሁለት ቀን የተከታተልኩት ሥልጠና ስለ ዋጋና ስለ ሰዓት ልዩነት ሲያወራ ውሎ፣ ስለዚህ ሕግ አንዲት ቃል አለመናገሩ እስከ ዛሬ ያናድደኛል። ይሁን እንጂ የሙያ ፈቃዱን ይዤ የምሠራው እኔ ነኝና ማንበብ የነበረብኝም እኔ ነበርኩ።

ለ41 ደንበኞች አንድ በአንድ ደውዬ ያደረግሁትን ተናዘዝኩ። አሁን በየጃንዋሪው አዲስ ፈቃድ አስፈርማለሁ፤ ወረቀቱ በእንግሊዝኛ ስለሆነ፣ ብዕር ከማቀበሌ በፊት እያንዳንዱን መስመር በአማርኛ አስረዳለሁ። ደንቡ በቂ የመረጃ ጥበቃ ካለ የሶሻል ቁጥር ወደ ውጭ እንዲላክ በር ይከፍታል፤ እኔ ግን በፍጹም አትላኩ እላለሁ። ዘጠኙን አኃዝ እዚሁ ሸፍኑና ላኩ፤ ሲመለስ ራሳችሁ አስገቡት። በሰነድ ጥቂት ደቂቃ ይወስዳል።

ዘጠኝ ደንበኞች ትተውኝ ሄዱ፤ ጋሼም ከእነርሱ አንዱ ናቸው። ዛሬም በቢሮዬ በኩል ሲያልፉ ሰላም ይሉኛል፤ ታክሳቸውን ግን ሌላ ቦታ ያሠራሉ።