የቧንቧችን ውሃ ውስጥ ያለው ቀይ ነገር ከየት ነው የሚገባው?

ጅማ ክረምት ሲገባ ከቧንቧ ቀላ ያለ ውሃ ቢወርድ ማንም አይደነግጥም፣ "ወንዙ ደፍርሶ ነው" ይባልና ይታለፋል። እኔን ግን ይሄ መልስ አላረካኝም ምክንያቱም አጥር የምንጋራቸው እማማ ቤት ጥርት ያለ ውሃ እየወረደ እኛ ቤት ይደፈርሳል፣ ወንዙ አንድ ነው፣ ከመንገዱ የሚመጣው ዋና መስመርም አንድ ነው። ስለዚህ ቆሻሻው እኛ ጋ ሲደርስ የሆነ ቦታ እየገባ ነው ማለት ነው፣ የቱ ጋ እንደሆነ ደግሞ ቤት ባለ እቃ ማወቅ ይቻላል።

የሚያስፈልገው ባዶ ሃይላንድ ብቻ ነው። ጠዋት ማንም ቧንቧ ሳይከፍት ቆጣሪው አጠገብ ካለው የግቢ ቧንቧ አንድ፣ ከኩሽና አንድ፣ ከሮቶው ስር አንድ ቀዳሁ፣ ትንሽ ካፈሰስኩ በኋላ ደግሞ ከእያንዳንዳቸው ደግሜ ቀዳሁና የቱ የየት እንደሆነ በማርከር ጽፌ መስኮት ላይ ደረደርኳቸው። እስከ ማታ መንካት የለም።

ውሃው ሲቀዳ ወተት መስሎ ከስር ወደ ላይ እየጠራ ከሄደ አየር ነው፣ ውሃ ጠፍቶ ሲመጣ የሚሆን ነገር ነው፣ አይጎዳም። ሲቀዳ ጥርት ያለው ቆይቶ ቢጫ ከሆነ ውሃው ውስጥ የሟሟ ብረት አለ፣ ይሄ የጉድጓድ ውሃ ላይ ይበዛል። ጥቁር ሆኖ በጣት ሲታሽ እንደ ቀለም የሚያቆሽሽ ከሆነ ብዙ ጊዜ ያረጀ የቧንቧ ጎማ ነው። የጠዋቱ የመጀመሪያ ውሃ ላይ ብቻ ቡናማ ቅርፊት ታይቶ ትንሽ ሲፈስ ከጠራ የብረት ቱቦ ዝገት ነው፣ ቅርፊቱም ቶሎ ነው የሚዘቅጠው።

የእኛ የኩሽናው ግን ሲፈስም አልጠራም፣ ማታም ደፍርሶ ነበር፣ ከስሩ የዘቀጠው ደግሞ በጣት መሃል ሲታሽ ሙልጭ ሙልጭ ይላል። ዝገት ይሻክራል። አፈርና ዝገት ሁለቱም ቀይ ስለሆኑ በአይን ብቻ መለየት ከባድ ነው በተለይ እዚህ አፈሩ ራሱ ቀይ በሆነበት አገር፣ እኔ ነጭ ጨርቅ ላይ ጨምቄ ሞከርኩት፣ የአፈር እድፍ በሳሙና በደንብ ይለቃል፣ የዝገት እድፍ ግን ሳሙና አይበግረውም ሎሚ ሲጨመቅበት ነው የሚደበዝዘው። የእኛው በሳሙና ለቀቀ። ቆጣሪው አጠገብ የተቀዳው ደግሞ እስከ ማታ ጥርት እንዳለ ነው። ሮቶው ስሩ ላይ ጭቃ አለው ግን እሱም ውሃ የሚያገኘው በዚያው ቱቦ ነው፣ የመጣው ቧንቧ ሰራተኛ "እህቴ ሮቶውን እጠቡት በቃ" ቢለኝም ሮቶ መታጠቡ ብቻውን ምንም እንደማይፈታ ያኔ ግልጽ ነበር፣ አፈሩ የሚገባው ከቆጣሪው እስከ ቤቱ ባለው መሃል ነው።

ከዛ የግቢውን ቧንቧ ሁሉ ዘግተን፣ የሮቶውንም መግቢያ ዘግተን ቆጣሪውን አየን። ትንሿ ቀይ ምልክት ቀስ እያለች ትዞራለች። ማንም ውሃ ሳይጠቀም ቆጣሪ ከዞረ መሬት ውስጥ የሚያፈስ ነገር አለ። ክረምት ስለሆነ ሁሉም ቦታ እርጥብ ነው ግን አጥሩ ስር ያለው ቦይ ዳር በበጋም ሳሩ እንደማይደርቅ ትዝ አለኝ፣ እዛ ጋ ሲቆፈር አሮጌው የብረት ቱቦ መገጣጠሚያው ላይ ተበልቶ ተገኘ።

እዚህ ጋ ነው ነገሩ የሚያሳስበኝ። ውሃ ሲኖር ግፊቱ ወደ ውጭ ስለሚገፋ ቱቦው ያፈሳል እንጂ ምንም አያስገባም። ውሃ ሲጠፋ ግን ቱቦው ባዶ ይሆንና በዚያው ቀዳዳ ከቦይ የሚመጣውን ወደ ውስጥ ይስባል፣ ውሃው ሲመለስ ጠራርጎ ወደ ኩሽና ይዞት ይገባል። የሰፈራችን ሽንት ቤት አብዛኛው ጉድጓድ ነው፣ ዝናብ ሲጥል ቦይ ውስጥ የሚሄደው ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ቀዩ አፈር ራሱ ሰው አይገድልም፣ አብሮት የሚገባው ነው የሚያስፈራው። የደፈረሰ ውሃ ደግሞ ክሎሪኑን ይበላዋል ጀርሙንም ይደብቀዋል፣ የአለም ጤና ድርጅት ክሎሪን በደንብ እንዲሰራ ድፍርስነቱ ከ1 ኤንቲዩ (የውሃ ድፍርስነት መለኪያ ነው) በታች ቢሆን ይመርጣል፣ ያ በአይን እንኳን የማይታይ መጠን ነው። ስለዚህ ቱቦው እስኪቀየር ድረስ ውሃውን አዝቅጠን፣ በንጹህ ነጠላ አጥልለን፣ በደንብ ፍልቅልቅ እስኪል አፍልተን ነው የጠጣነው። ለልጆች ጥርስ መፋቂያም እሱኑ።

ቱቦው በፕላስቲክ ተቀየረ፣ ቦዩን ከስሩ ሳይሆን ከላዩ እንዲሻገር አስደረግን፣ የሚሻገርበት ጋ ሌላ ወፍራም ቱቦ አለበስነው። ሮቶውን ያጠብነው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ጭቃው ወጥቶ ከተፈገፈገ በኋላ 1000 ሊትር ውሃ ላይ 1 ሊትር ባለ 5 ፐርሰንት በረኪና ጨምረን፣ ሁሉንም ቧንቧ ሽታው እስኪመጣ ከፍተን ዘጋንና አሳደርነው፣ ጠዋት ሙሉ በሙሉ ደፍተን በንጹህ ውሃ አለቀለቅነው። ያን ውሃ መጠጣት አይቻልም፣ ለቤቱ ሰው ሁሉ ቀድሞ መንገር ያስፈልጋል።

እማማ ቁፋሮውን ቆመው ሲያዩ "ልጄ የኔም ቱቦ እኮ በዚሁ ቦይ ስር ነው የሚያልፈው" አሉኝ። የሳቸው ውሃ ጥርት ያለ ነው ግን ገና ያልሰፋ ቀዳዳ አፈር ሳያስገባ ጀርም ሊያስገባ ይችላል። ቅዳሜ ቧንቧቸውን ሁሉ ዘግተን የሳቸውን ቆጣሪ እናያለን።