ከጠርሙሱ ላይ የጠፋችው ቁጥር

አሜሪካ ውስጥ በአንድ ዩኒቨርሲቲ ላብ ተቀጥሬ መሥራት ከጀመርኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። ሥራዬ የእርሾ ዕድሜ መለካት ነው። ለሰው ስናገር ይገረማል። እርሾ ያረጃል እንዴ? ያረጃል። የምናጠናውም ያንኑ ዳቦ የሚነፋውን፣ ጠላ የሚያፈላውን እርሾ ነው።

አለካኩ እንዲህ ነው። እርሾው ግሉኮስ ባለበት ፈሳሽ ውስጥ፣ በ30 ዲግሪ ሙቀት እየተናጠ ያድጋል። ምግቡን ጨርሶ መባዛት ሲያቆም ዕድሜው መቆጠር ይጀምራል። በየሁለት ቀኑ ጠብታ እቀዳለሁ፣ አቀጥናለሁ፣ ፕሌት በምንለው ምግብ የረጋበት ጠፍጣፋ ሳህን ላይ እዘራለሁ። በሕይወት ያለ ሴል ተባዝቶ ነጭ ነጥብ ሆኖ ይወጣል። የሞተው አይወጣም። እኔ ነጥቦቹን እቆጥራለሁ።

ያን ሰሞን አንድ ጂን የጠፋበት እርሾ ተሰጠኝ። ጥያቄው አጭር ነበር፦ ካልተነካው እርሾ ይበልጥ ይኖራል ወይ? ያልተነካውን በየፍላስኩ አዘጋጅቼ ስጨርስ ሚዲያው አለቀብኝ። ሚዲያ የምንለው የእርሾውን ምግብ ነው። መደርደሪያው ላይ ሌላ ጠርሙስ አየሁ። ቴፑ ላይ ቀኑ ይነበባል፤ ከቀኑ በታች ያለው ጽሑፍ ግን በእርጥበት ተጨማልቋል። ያው ነው ብዬ ጂኑ ለጠፋበት እርሾ ከሱ ቀዳሁ።

በዘጠነኛው ቀን ያልተነካው እርሾ ፕሌት ላይ ጥቂት ነጥቦች ብቻ ወጡ። ጂኑ የጠፋበት ግን ጢም ብሎ ሞልቷል። ደስታዬን መቆጣጠር አቃተኝ። እ.ኤ.አ. በ2001 ኤስሲኤች9 የሚባለውን ጂን ያጠፉ ተመራማሪዎች የእርሾ ዕድሜ እስከ 3 እጥፍ ሲረዝም አይተዋል። የኛም ጂን ከዚያ ተርታ ሊሰለፍ ነው አልኩ። ግራፉን አሳምሬ ለአለቃዬ ወሰድኩላት።

ዝም ብላ ብዙ አየችው። «ፒኤቹን ለክተሃል?» አለችኝ። ፒኤች የፈሳሹን አሲድነት የሚያሳይ ልኬት ነው።

«አልለካሁም።»

«እስቲ ለክተህ ና።»

ሁለት የመለኪያ ወረቀቶች ነከርኩ። ካልተነካው እርሾ ፍላስክ የወጣው ብርቱካናማ ሆነ፤ አሲድ በዝቶበታል ማለት ነው። ሌላኛው አረንጓዴ የነካካው ቢጫ። እዚያው ቆሜ ሰውነቴ ቀዘቀዘ። ሁለቱ እርሾዎች የበሉት አንድ ዓይነት ምግብ አልነበረም። ጎኔ የምትሠራዋን ባልደረባዬን ስጠይቃት ደብተሯን ከፈተችልኝ። ጠርሙሱ የሷ ነው። የኛ ሚዲያ በሊትር 20 ግራም ግሉኮስ አለው፤ የሷ 5 ግራም።

እርሾ አፍ ባይኖረውም የቀረበለትን ያውቃል። ግሉኮስ ሲበዛ ራስ እና ፒኬኤ የሚባሉት ፕሮቲኖች ይነቃሉ። የፕሮቲን መሥሪያ የሆነው አሚኖ አሲድ ሲኖር ደግሞ ቶር የሚባለው ፕሮቲን ይነቃል፤ እሱም ኤስሲኤች9ን ያነቃል። የሁሉም መልእክት አንድ ነው፦ ጊዜው ጥጋብ ነው፣ እደግ፣ ተባዛ። ራስን ለክፉ ቀን ማዘጋጀት ለሌላ ጊዜ ይቆያል። ምግቡ ሲቀንስ እነዚህ ዝም ይላሉ። ያኔ ሴሉ ትሬሃሎስ የሚባል ስኳር ያጠራቅማል፣ ያረጀ አካሉን ፈጭቶ መልሶ ይጠቀማል፣ ችግር መቋቋሚያ ጂኖቹን ይከፍታል። ጠላ የተጠነሰሰበት ጋን ላይ ጆሮውን የደገነ ሰው ያውቀዋል፤ ስኳሩ እያለ ይንጫጫል፣ ሲያልቅ ጸጥ ብሎ አተላው ይረጋል። ያ ጸጥታ ሞት አይደለም። ብዙ ሥራ የሚሠራው ያኔ ነው።

ይህን ሥራ የምወድበት ምክንያትም ይኸው ነው። ቶር የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1991 ስዊዘርላንድ፣ ባዝል ውስጥ፣ በእርሾ ላይ ነው። ያስገኘው ራፓማይሲን የሚባል መድኃኒት ሲሆን፣ እሱን የሚሠራው ባክቴሪያ ከኢስተር ደሴት አፈር የወጣ ነው። ያው ቶር እኛም ውስጥ አለ።

ወረቀቱ ያሳየኝ አሲድም የራሱ ድርሻ አለው። ስኳር የበዛለት እርሾ መጀመሪያ አልኮል ያመርታል፣ በኋላ አልኮሉን ይበላል፤ በዚህ መሀል የኮምጣጤ አሲድ ይጠራቀማል። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ ጥናት ይኸው አሲድ በፍላስክ ውስጥ ያለውን እርሾ ዕድሜ እንደሚያሳጥር አሳይቷል። ወረቀቴን ብርቱካናማ ካደረጉት አንዱ እሱ ነው።

ጂኑ ያመጣው መስሎኝ የፈነጠዝኩበትን ውጤት ሊያመጣ የሚችል የ15 ግራም የስኳር ልዩነት ነበር። በጣም ያመመኝ ሌላ ነው። ምግብ ዕድሜን እንደሚወስን በየቀኑ የምሠራበት ሰው ነኝ፤ ራሴ ስቀዳ ግን ምግቡን እንደ ውሃ ነው ያየሁት። ከምንም ነገር በፊት ልጠይቅ የሚገባኝ እሱን ነበር።

በሳምንታዊው ስብሰባ ተነስቼ ሁሉንም ተናገርኩ። ማንም አልተቆጣኝም። ጠርሙስ ላይ የግሉኮሱን ግራም በቴፕ ሳይሆን በማይለቅ ማርከር መስታወቱ ላይ መጻፍ የጀመርነው ከዚያ ቀን ወዲህ ነው።

ሙከራውን ደገምኩት። ሁለቱም እርሾዎች ከአንድ ጠርሙስ፣ በአንድ ቀን፣ በአንድ እጅ ተቀዱ። ወረቀቶቹን ስነክር ሁለቱም ብርቱካናማ ሆኑ። በዘጠነኛው ቀን ፕሌቶቹን ጎን ለጎን አስቀምጬ ቆጠርኩ። ሁለቱም ላይ የነበሩት ጥቂት ነጥቦች ብቻ ናቸው።