ዋጋ በተወደደ ጊዜ አይሱዙ መሸጥ፦ ከደላላው በፊት የሞተር ቁጥሩን እዩ

ኤን ፒ አር አይሱዙ የጭነት መኪናዬን ለመሸጥ የወሰንኩት በ2017 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ነው። የባለቤትነት ስሙ ወደ ገዢው የዞረው ግን ጥር ከተጋመሰ በኋላ ነው። በመሀል ያለፉት ሦስት ወራት ከቢቸናና ከደብረ ወርቅ ጤፍ፣ ከቡሬና ከፍኖተ ሰላም በቆሎ የሚጫንባቸው፣ ባለመኪና የዓመቱን ገንዘብ የሚይዝባቸው ወራት ነበሩ። መኪናው ግን ከግቢ አልወጣም። ምክንያቱ የሞተሩ ብሎክ (የሞተሩ ዋና አካል) ላይ የተቀረጸ አንድ ቁጥር ነው። ለመሸጥ እያሰበ ያለ ሰው ካለ ደላላ ከመጥራቱ በፊት ይህን ያንብብ።

ዋጋው ለምን እንደተሰቀለ ማወቅ ለውሳኔው ይጠቅማል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። አዲስ መኪና፣ ጎማና መለዋወጫ የሚገባው በዶላር ስለሆነ ሁሉም አብሮ ወጣ። ከዚያ በፊትም በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ከውጭ በሚገቡ ያገለገሉ ተሽከርካሪዎች ላይ ከባድ ግብር ጥሎ ነበር። ስለዚህ አገር ውስጥ ያለው አሮጌ መኪና ተፈላጊ ሆነ። ይህን ያየ ሰው «አሁን ነው መሸጥ» ይላል። እኔም ብያለሁ። ነገር ግን የእናንተን መኪና ያስወደደው ምክንያት ነገ የምትገዙትንም አስወድዶታል። ሸጣችሁ ገንዘቡን ባንክ ካስቀመጣችሁት ስድስት ወር ቆይታችሁ በዚያው ብር ያንኑ መኪና መልሳችሁ አታገኙትም።

ስለዚህ የሚሸጥ ሰው ከሦስቱ አንዱ ይኑረው እላለሁ፦ ገንዘቡ የሚገባበት ሥራ ወይም የሚተካው መኪና ከነባለቤቱ የታወቀ፣ ወይም ሞተሩ ትልቅ ወጪ ሊጠይቅ የደረሰ፣ ወይም ጉዞው ራሱ ማዋጣት ያቆመ። ከነዚህ አንዱም ከሌለ ዋጋው ምንም ያህል ቢወጣ መኪናውን ይዞ መሥራት ይሻላል።

ማዋጣቱን በግምት አትመልሱት። ታንከሩን አፉ ድረስ ሙሉና ጭነት ይዛችሁ ሂዱ፣ ስትመለሱ እንደገና አፉ ድረስ ሙሉት፤ የተጓዛችሁትን ኪሎ ሜትር ለተሞላው ሊትር አካፍሉ። ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በሊትር 5 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ለአንድ መንገድ 60 ሊትር ናፍጣ ይፈልጋል፣ 4 የሚሄድ 75። ከኪራዩ ላይ ናፍጣውን፣ የሹፌርና የረዳት አበሉን፣ ጫኝና አውራጁን፣ ዘይትና ፊልትሮውን ቀንሱ። ጎማ የሚረሳ ወጪ ነው። ኤን ፒ አር ስድስት 7.50-16 ጎማ መሬት ላይ አለው፣ ቅያሪውን ጨምሮ ሰባት። ያለፈው ጎማ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሠራ ከደብተራችሁ አውጡና በኪሎ ሜትር ስንት ሳንቲም እንደሚበላ ከእያንዳንዱ ጉዞ ላይ ቀንሱ። መንገድ ተዘግቶ መኪናው የቆመባቸውን ቀናትም ቁጠሩ፤ በቆመበትም ባትሪው ይሞታል፣ ታንከሩ ውስጥ ውሃ ይጠራቀማል፣ ጎማው በአንድ ወገን ይጠፈጠፋል።

ሞተሩ ትልቅ ወጪ መድረሱን ለማወቅ ጠዋት ሳይሞቅ አስነሱት። የዘይት መሙያውን ክዳን ፈታችሁ ገልብጣችሁ አፉ ላይ አስቀምጡት። ትንፋሹ ክዳኑን ካዘለለው ፋሻውና ካሚቻው (የፒስተኑ ቀለበቶችና የሲሊንደሩ እጀታ) አልቀዋል። የራዲያተሩን ክዳን በቀዝቃዛው ብቻ ክፈቱና ነዳጅ ሲሰጠው እዩ፤ አረፋ ያለማቋረጥ የሚፈላ ከሆነ ችግሩ የቴስታታው ጓርኒሲዮን (በሞተሩ ራስና በብሎኩ መካከል ያለው ማሸጊያ) ነው። ሰማያዊ ጭስ ዘይት መብላት ነው። ጥቁር ጭስ ግን ብዙ ጊዜ የአየር ፊልትሮ ወይም የናፍጣ ፖምፓ ጉዳይ ስለሆነ በርካሹ ይፈታል፤ በእሱ ተደናግጣችሁ አትሽጡ። ከሁሉም በላይ የሚመሰክረው ዓባይ በረሃ ነው። ከጎሃ ጽዮን ከ1,000 ሜትር በላይ ወርዳችሁ ድልድዩን ተሻግራችሁ፣ ጭነት ይዛችሁ ወደ ደጀን ስትወጡ የሙቀት መለኪያው መሀል ላይ ከቆየና ፍሪሲዮኑ (ክላቹ) ካልሸተተ ያ መኪና ገና ብዙ ይሠራል። የኔ በመጨረሻዎቹ ጉዞዎች ሁለት ቦታ ቆሞ መቀዝቀዝ ነበረበት። የመሸጥ ውሳኔዬ ትክክል ነበር፣ አሁንም አልጸጸትበትም።

ለሽያጭ ሲዘጋጅ ቀለም መቀባት ትርፍ የለውም። ጎጃም ውስጥ አይሱዙ የሚገዛ ሰው አዲስ ቀለም ሲያይ የሚያስበው ግጭት ነው፤ ተኝቶ ሻንሲው (የመኪናው የብረት አጽም) ላይ ብየዳ ይፈልጋል፣ የኋላውን ባሌስትራ (ሸክሙን የሚሸከመውን ስፕሪንግ) ቅጠል ይቆጥራል፣ የተጨመረ ካየ ከመጠን በላይ ሲጭን እንደኖረ ያውቃል። አዲስ ጎማም አትግዙለት፣ የከፈላችሁትን ግማሹን እንኳ አይመልስም። የፍሬን ሸራ ግን ቀይሩ፣ ባትሪው በአንድ ቁልፍ የሚያስነሳ ይሁን፣ ቦሎውና (የዓመት ምርመራ ማለፊያው) የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንሱ ይታደሱ። እነዚህ ሲጎድሉ ገዢው ከወጪያቸው ሦስት እጥፍ ያስቀንሳል።

አሁን ወደ ቁጥሩ ልመለስ። ከአምስት ዓመት በፊት ብሎኩ ተሰንጥቆ ሞተሩ በሙሉ በሌላ ያገለገለ ሞተር ተለውጦ ነበር። ዓይነቱ ያው፣ አራት ሲሊንደር፣ ለዓይን ልዩነት የለውም። በየዓመቱ ምርመራ ሲገባ ፍሬን ታየ፣ መብራት ታየ፣ መሪ ተነቀነቀ፣ ቦሎ ተለጠፈ። አምስት ቦሎ ካለፈ ወረቀቱም ትክክል ነው ብዬ አመንኩ። ይህ ትልቁ ስህተቴ ነው። እኔ በኖርኩበት የዓመት ምርመራ የሞተር ቁጥር ማንም አላነበበም። ስም ሲዞር ግን መርማሪው ሞተሩና ሻንሲው ላይ ያሉትን ቁጥሮች በካርቦንና በፕላስተር አንስቶ ከሊብሬው (ከመኪናው የባለቤትነት ደብተር) ጋር ያስተያያል። የኔ የመጨረሻዎቹ አራት አኃዞች ሌላ ነበሩ።

ይህ የታወቀው ቀብድ ከተቀበልኩ በኋላ መሆኑ ነገሩን አከፋው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1885 ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱን እንደሚያጣ፣ የተቀበለ ቢያፈርስ ግን እጥፍ እንደሚመልስ ይናገራል። ስለዚህ ወደ ኋላ መመለስ አልቻልኩም፣ ወደ ፊትም መሄድ አልቻልኩም።

ተሽከርካሪ የሚመዘግበው ጽሕፈት ቤት መጀመሪያ የሞተሩን መግዣ ደረሰኝ አምጣ አለኝ። ደረሰኙን አመጣሁ። በሌላ ቀን ሞተሩ ወደ አገር የገባበት የጉምሩክ ዲክላራሲዮን ያስፈልጋል ተባልኩ። ሞተሩን የሸጠልኝ የመርካቶ ነጋዴ ቦታ ቀይሮ ስለነበር እሱን ማግኘት ብቻ ሁለት ሳምንት ፈጀ። ሲገኝም ዲክላራሲዮኑ የአንድ ሞተር ሳይሆን የአንድ ኮንቴይነር ሆነ፤ የኔ ቁጥር ያለው አባሪ ዝርዝሩ ላይ ነው፣ እሱ ደግሞ ሌላ ፋይል ውስጥ። ይዤ ስመለስ ኮፒው ከዋናው ጋር የተመሳከረ ማህተም የለውም ተብሎ እንደገና አዲስ አበባ ወረድኩ። ሦስቱም በመጀመሪያው ቀን በአንድ ወረቀት ቢነገሩኝ ኖሮ አንድ ጉዞ ይበቃ ነበር። እስካሁን የሚያናድደኝ ይህ ነው፤ የሚፈለገውን ሁሉ ያውቃሉ፣ የሚናገሩት ግን አንድ በአንድ ነው። ስለዚህ ምክሬ፦ የቃል መልስ ይዛችሁ ከመስኮቱ አትሂዱ። ማመልከቻ ጽፋችሁ «ለሞተር ለውጥ ምዝገባ የሚያስፈልጉ ሰነዶች በሙሉ በጽሑፍ ይገለጹልኝ» በሉ፣ መዝገብ ቤት ገቢ አድርጉ፣ ገቢ የሆነበትን ቁጥርና ቀን ኮፒያችሁ ላይ አስጽፉ።

ከዚህ የከፋው በራሴ ግቢ የተፈጠረው ነው። ቁጥሩ በዘይትና በአቧራ ተሸፍኖ ስለነበር መካኒኩ እንዲነበብ ብሎ በሽቦ ብሩሽ ፈገፈገው። ከአኃዞቹ መካከል ያለችው 8 በግራ ጎኗ ተልጣ 3 መሰለች። የተነካካ ቁጥር ደግሞ ሰነዱ ምንም ቢሟላ ለፖሊስ ምርመራ ይላካል፤ ተፍቆ የተቀረጸ አለመሆኑ እስኪረጋገጥ ሌላ አምስት ሳምንት ጠበቅሁ። ቁጥር የሚጸዳው ናፍጣ በነካ ጨርቅ ነው፤ አሥር ደቂቃ ተደርጎበት ይቆይና በደረቅ ጨርቅ ይጠረግ። ሽቦ ብሩሽ፣ ሊማ፣ የብርጭቆ ወረቀት አጠገቡ አይድረስ። ከጠራ በኋላ በስልክ ከጎን በኩል መብራት እያበራችሁ ፎቶ አንሱት፤ ፊት ለፊት የበራ መብራት የቁጥሩን ጥልቀት ያጠፋዋል።

ሞተር የለወጠ ሰው በለወጠበት ሳምንት ያስመዝግብ። ቢሮዎቹ «ስትሸጥ ታስተካክላለህ» ይላሉ፣ እኔም ያኔ ተብያለሁ። አትስሟቸው። ያኔ ነጋዴው ሱቁ ላይ አለ፣ ዲክላራሲዮኑ እጁ ላይ ነው፣ የሚጠብቃችሁ ገዢ የለም።

በነዚህ ሳምንታት ደላላው አንድ መፍትሔ ብቻ ነበረው፦ «ጋሼ፣ ውክልና ስጡትና ተገላገሉ።» ብዙ ሰው በዚህ መንገድ ይሸጣል፤ ገዢው በውክልና ይነዳል፣ ስሙ በሻጩ ይቀራል። እምቢ ያልኩበት ምክንያት የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2081 ነው። መኪና ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱ ተጠያቂ ነው፣ ሌላ ሰው ቢነዳውም። ሰውየው ነገ ሰው ቢገጭ መጥሪያው የሚመጣው ሊብሬው ላይ ስሙ ላለው ነው። ለገዢውም አይበጅም፤ ሻጩ ከሞተ ውክልናው ይቀራል፣ ከወራሾች ጋር ይቀመጣል። ሦስቱን ወር የከሰርኩት ይህን ባለመቀበሌ ነው፣ በዚህ ግን እኮራለሁ። ገዢው ስለ መዘግየቱ ከተስማማነው ዋጋ 150,000 ብር አስቀነሰኝ፤ ከፈልኩ።

የቀረው ሥራ ቀላል ነው። የግብር ክሊራንስ ከሐምሌ በፊት ወይም በኋላ ጠይቁ፣ በሐምሌ ብዙ ግብር ከፋይ እዚያው ነው። መኪናው በንግድ ፈቃድ የሚሠራ ከሆነ የሽያጩ ትርፍ በሒሳብ መዝገባችሁ ገቢ ሆኖ እንደሚታይ ዋጋ ከመቁረጣችሁ በፊት ከሒሳብ ሠራተኛችሁ ጋር አስሉት። የባንክ ዕዳ ካለ የእገዳ ማንሻው ደብዳቤ ፋይሉ ውስጥ መግባቱን በዓይናችሁ እዩ። ያገባችሁ ከሆነ የትዳር ጓደኛችሁ አብራ ትፈርም። የደላላውን ድርሻ ከሁለቱም ወገን ስንት እንደሆነ ገዢው ባለበት ቁረጡ። ቼክ አትቀበሉ፤ ሲፒኦ (ባንኩ ራሱ የሚከፍለው የክፍያ ማዘዣ) ከሆነ ያወጣው ባንክ ድረስ ሄዳችሁ አረጋግጡ፣ ወይም ሁለታችሁም ባንክ ገብታችሁ ከሒሳብ ወደ ሒሳብ ይዛወር፣ ከዚያ ወደ ፊርማው።

ቁልፍ ስታስረክቡ ቀኑ ብቻ አይበቃም፤ ሰዓቱንና የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ላይ ያለውን ንባብ የርክክብ ወረቀቱ ላይ ጻፉ፣ ከዚያች ሰዓት በኋላ ያለው የትራፊክ ቅጣት የእናንተ እንዳይሆን። ስሙ የዞረበትን አዲስ ሊብሬ ኮፒ ያዙ። በማግሥቱ ኢንሹራንሱን አሳውቁ፣ በመኪናው ስም የወጣ ንግድ ፈቃድ ካለም መልሱ፤ ፈቃዱ ካልተመለሰ መኪናው ባይኖርም ግብሩ በስማችሁ መቆጠሩን ይቀጥላል።