ከቤት ሲወጡ የሚለበስ ስም

ማልሞ ውስጥ ለሐበሻ ልጆች አማርኛ አስተምራለሁ። ስዊድን ውስጥ፣ ቤቱ ሌላ ቋንቋ የሚነገርለት ተማሪ ያንን ቋንቋ በትምህርት ቤት እንዲማር ሕጉ ይፈቅድለታል። በሳምንት አንዴ ነው፤ ያውም ከመደበኛው ትምህርት በኋላ፣ ልጆቹ ርቧቸውና ሰልችቷቸው በሚመጡበት ሰዓት። አንድ ቀን ሰሌዳው ላይ ኢትዮጵያ፣ ኢትዮጵያዊ፤ ኬንያ፣ ኬንያዊ፤ ስዊድን፣ ስዊድናዊ እያልኩ ስጽፍ ከኋላ የተቀመጠች የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ እጇን አወጣች።

«ስካንዲኔቪያዊስ? እኔ ስካንዲኔቪያዊ ነኝ?»

አዎ ልላት አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። አይደለሽም ልላትም አልቻልኩም። «ቆይ አጣርቼ እነግርሻለሁ» አልኳት። መምህር ሲጨንቀው የሚላት ነገር ናት። ማጣራቱ ዓመት ከመንፈቅ ፈጀብኝ።

መጀመሪያ ካርታ አየሁ። ካርታው ጭራሽ አወናበደኝ። የስካንዲኔቪያ ባሕረ ገብ መሬት ላይ ያሉት ኖርዌይና ስዊድን ናቸው፤ የፊንላንድ ሰሜናዊ ጫፍም ይነካካዋል። ዴንማርክ እዚያ ላይ የለችም። በተለምዶ ግን ስካንዲኔቪያ ሲባል ዴንማርክ ትገባለች፣ ፊንላንድ ትወጣለች። ፊንላንድንና አይስላንድን ጨምረው አምስቱን አገሮች አንድ ላይ መጥራት ሲፈልጉ «ኖርደን» ይላሉ፤ ሰሜን እንደማለት ነው።

እኔ የምኖርበት አውራጃ ደግሞ ስኮኔ ይባላል። የቋንቋ ሊቃውንት ስኮኔና ስካንዲኔቪያ ከአንድ ሥር የበቀሉ ስሞች ናቸው ይላሉ። ይኸው ስኮኔ እስከ 1658 ድረስ የዴንማርክ ግዛት ነበር (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። በሮስኪልዴ ስምምነት ነው ለስዊድን የተላለፈው። ዛሬም የስቶክሆልም ሰው የማልሞን አነጋገር ሲሰማ ግማሽ ዴንማርካዊ ናችሁ እያለ ይቀልዳል። ስሙን ያበደረው ሰፈር ራሱ ግማሽ ነው እየተባለ ይኖራል።

ስለዚህ ካርታውን ትቼ ሰው ልጠይቅ ብዬ ደብተር ገዛሁ። ጥያቄዬ አንድ ናት፦ «ራስህን ስካንዲኔቪያዊ ትላለህ?» የሥራ ባልደረቦቼን፣ ጎረቤቶቼን፣ ባቡር ላይ አጠገቤ የተቀመጠውን ሁሉ ጠየቅኩ። ምንም አልወጣኝም። «እ… አዎ፣ መሰለኝ» ይሉና ዝም። ስዊድኖች ደግሞ ዝምታቸው አያልቅም። አንዷ ባልደረባዬ ብቻ ቆንጆ ነገር አለች፦ «እሱ የሰው ስም ሳይሆን የወንበር ስም ነው።» የቤት ዕቃውን ማለቷ ነው። እውነቷን ነው፤ ቃሉን አዘውትሬ ያየሁት ወንበርና መብራት የሚሸጥባቸው ቤቶች መስኮት ላይ ነው።

ሄልሲንኪ ላይ ደግሞ ያልጠበቅኩት ገጠመኝ። ከስቶክሆልም በመርከብ ተሻግሬ አንድ ትልቅ ሰውዬን በስዊድንኛ ጠየቅኳቸው። ስዊድንኛ ፊንላንድ ውስጥ ከሁለቱ ብሔራዊ ቋንቋዎች አንዱ ነው፣ ትምህርት ቤትም ይማሩታል። ሰውዬው በእንግሊዝኛ መለሱልኝ፦ «እኛ ኖርዲክ ነን።» ቆጣ ብለው ነው። በኋላ ሳስበው ጥፋቱ የእኔ ነበር። ፊንላንድ እስከ 1809 ድረስ ለስድስት መቶ ዓመት ገደማ በስዊድን ሥር ኖራለች። የሕዝቡ አብዛኛው ቋንቋ ፊንላንድኛ ደግሞ ከስዊድንኛ ጋር ዝምድና የለውም፤ ዘመዱ ኢስቶንኛ ነው። እኔ በገዢው ቋንቋ ሄጄ «አንተም የእኛ ነህ ወይ?» ብዬ እንደ ጠየቅኩ ቁጠር። በማግስቱ በእንግሊዝኛ ስጀምር ሰዎቹ ተፍታቱ። አንዲት ስዊድንኛ አፏን የፈታችበት ፊንላንዳዊት እንዲያውም አላቆም አለች። «ስዊድን ስሄድ ፊንላንዳዊ ይሉኛል፣ እዚህ ስዊድናዊ ይሉኛል። ስካንዲኔቪያዊ ብትለኝ ቅር አይለኝም፤ ቢያንስ ሁለቱም አይደለም።» ይህን የሰማሁት በምን ቋንቋ ልጠይቅ የሚለውን ሳስብበት ነው፤ ሳላስብበት ከርሜያለሁ።

የኮፐንሃገኑ ገጠመኝ የሚያሳፍር ነው፣ ግን ልናገረው። ከማልሞ ኮፐንሃገን የኦረሱንድ ድልድይ ከተከፈተበት ከ2000 ጀምሮ የሰፈር ያህል ሆኗል፤ ባቡሩ አርባ ደቂቃ ቢወስድ ነው። አንድ የማውቀው ዴንማርካዊ «ቅዳሜ ለፍሮኮስት ቤት ና፣ ስለ ጥያቄህ እናወራለን» ብሎ ጻፈልኝ። በስዊድንኛ «ፍሩኮስት» ቁርስ ነው። በኖርዌይኛም «ፍሮኮስት» ቁርስ ነው። እኔም ቅዳሜ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ትኩስ ዳቦ ይዤ ደወልኩ። በሩን የከፈተው በእንቅልፍ ልብሱ ነው፤ ፀጉሩ ወደ አንድ ጎን ተኝቷል። ለካ በዴንማርክኛ ፍሮኮስት ምሳ ነው።

ተመለስ አላለኝም። ቡና አፈላና ወጥ ቤት አስቀመጠኝ። ሽንኩርት ከትፌ፣ ዓሣውን ጥቁር ዳቦ ላይ ደርድሬ፣ እስከ ምሳ አራት ሰዓት ተኩል ሙሉ አወራን። ከሁሉም ረጅሙ ማስታወሻዬ የዚያን ቀን ነው። ቁጥር አስተማረኝ፦ ዴንማርኮች ዘጠና ለማለት የሚጠቀሙባት ቃል ውስጧ «አራት ተኩል ጊዜ ሃያ» የሚል ስሌት አለባት። ስዊድናዊ ደንበኛ ኮፐንሃገን ሱቅ ገብቶ ዋጋ ሲነገረው ፊቱን አይተህ ታውቃለህ? ዝም ብሎ ካርዱን ይዘረጋል። «ወንድማማች ቋንቋ ነው እንላለን፣ ልጆቼ ግን ከስዊድን ልጆች ጋር በእንግሊዝኛ ነው የሚጫወቱት» አለኝ። ደግሞ ከ1397 እስከ 1523 ሦስቱም አገሮች በካልማር ኅብረት በአንድ ዘውድ ሥር እንደነበሩ አስታወሰኝ። «ከዚያ በኋላ ስንዋጋ ኖረን ነው እንዲህ የተዋደድነው።»

ጥያቄዬን ያስቀየረኝ ግን ሌላ ቦታ ነው። ከአዲስ አበባ ስመለስ ኢስታንቡል አውሮፕላን ማረፊያ በረራችን ዘገየ። አጠገቤ አንዲት ኖርዌጂያንና አንድ ሸምገል ያለ ዴንማርካዊ ተቀምጠዋል። ጨዋታ ጀመርን፤ እሷ በኖርዌይኛ፣ እሱ በዴንማርክኛ፣ እኔ በስዊድንኛ። እሱ ከሚለው ግማሹ ሲያመልጠኝ እሷ መሃል ሆና ታቀብለኛለች። ኖርዌጂያኖች የሁለቱንም ጎረቤት ቋንቋ በመስማት ይበልጡናል። ቡና የሚያቀርበው ልጅ ቆም ብሎ ሰማንና «ሦስታችሁም ከአንድ አገር ናችሁ?» አለ። ሴትዮዋ ሳታስብበት በእጇ ሦስታችንን ጠቅልላ «ስካንዲኔቪያውያን ነን» አለችው።

እኔ ከኋላዬ ሌላ ሰው ይኖር ይሆን ብዬ ዞር አልኩ።

ቤት ስገባ ደብተሬ ላይ አሮጌዋን ጥያቄ ሰርዤ አዲስ ጻፍኩ፦ «ስካንዲኔቪያዊ ነኝ ያልከው መጨረሻ መቼ ነው? የትስ ሆነህ?» ያን ጊዜ ወሬው ጎረፈ። አንዱ ታይላንድ ሆኖ ነው ያለው። አንዷ ኒው ዮርክ፣ ስዊድንን ከስዊዘርላንድ የሚያምታታ ሰው ሲያሰለቻት። አንዱ ስፔን፣ የኖርዌይ ጎረቤት አግኝቶ። አገሬ ሆኜ ነው ያለ አንድም ሰው አላገኘሁም።

ነገሩ የገባኝ በራሳችን በኩል ነው። አዲስ አበባ ላይ «ማነህ?» ሲሉህ «ሐበሻ ነኝ» ብለህ አትጀምርም። ማልሞ ላይ ግን ባቡር ውስጥ የማታውቀው ኤርትራዊ «ሐበሻ ነህ?» ሲልህ ልብህ ይሞቃል። ቤት ውስጥ የማይለበስ፣ ሲወጡ የሚለበስ ስም ነው። ደግሞ ለሁሉም አይበቃም። እኔ ያደግኩት ይርጋለም ነው፤ ሐበሻ ስትለው «እኔን አትጨምረኝ» የሚል ሰው አውቃለሁ። የሄልሲንኪው ሰውዬ ቁጣ ያን ጊዜ ነው በደንብ የገባኝ። ከሰሜን የመጣች አንዲት ሳሚም (ሳሚዎች የሰሜኑ ነባር ሕዝብ ናቸው) ተመሳሳይ ነገር ነግራኛለች። የኖርዌይና የስዊድን ድንበር በ1751 ሲሰመር ቅድመ አያቶቿ አጋዘናቸውን እየነዱ ወዲያና ወዲህ ይሻገሩ ነበር፤ ስምምነቱም ይህን መብት በጽሑፍ አስቀምጦላቸዋል። «ስማችንን የሚያወጡልን ሁልጊዜ ከደቡብ የሚመጡ ናቸው» አለችኝ።

ደብተሩ ወደ ሠላሳ ሰው ሲሞላ ተኩራርቼ ክፍል ይዤው ሄድኩ። ያቺ ልጅ ገጽ በገጽ አገላበጠችው። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ።

«አንተ፣ ጥቁር ሰው አልጠየቅክም እንዴ?»

(ስዊድን የተወለዱ ልጆች መምህርን አንተ ነው የሚሉት። አገሩ ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ አንቱታን ጥሎታል። መጀመሪያ ያናድዳል፣ ትለምደዋለህ።)

አልጠየቅኩም ነበር። ዓመት ሙሉ። «ከየት ነህ? አይ፣ መጀመሪያ ከየት ነህ?» ሲሉኝ የምበሳጨው ሰውዬ ስካንዲኔቪያዊ ፍለጋ ስወጣ ነጭ ነጩን መርጬ ነው የጠየቅኩት። ማንም አላዘዘኝም። የዚያን ዕለት ማታ ደብተሩን ለመክፈት እንኳ አፍሬ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያነበብኩት ሁሉ መልኩ ተቀየረብኝ። የስዊድን ንጉሣዊ ቤተሰብ የዘር ሐረግ የሚጀምረው ፈረንሳይ ፖ ከተማ ከተወለደው የናፖሊዮን ማርሻል ከበርናዶት ነው፤ በ1810 አልጋ ወራሽ ተብሎ ተመርጦ መጣ። ኖርዌይ በ1905 ከስዊድን ስትለይ ያነገሠችው የዴንማርክ ልዑል ነው። የልጅ ልጁ ንጉሥ ሃራልድ በ2016 ቤተ መንግሥቱ ግቢ ባደረጉት ንግግር ኖርዌጂያን ማለት ከአፍጋኒስታን፣ ከፓኪስታን፣ ከፖላንድ፣ ከስዊድን፣ ከሶማሊያና ከሶሪያ የመጡትም ናቸው ብለው፣ የገዛ አያቶቻቸውም ከዴንማርክና ከእንግሊዝ የፈለሱ መሆናቸውን አስታወሱ። ለብዙ ኒው ዮርካውያን ደግሞ ስካንዲኔቪያዊ ምግብን ያስተዋወቃቸው ኢትዮጵያ ተወልዶ ጎተቦርግ ያደገው ማርከስ ሳሙኤልሰን ነው።

ወረቀቱ ሌላ ጣጣ ነው። የስካንዲኔቪያ ፓስፖርት የሚባል ነገር የለም። ከ1954 ጀምሮ ግን የሰሜን አገሮች ዜጎች ጎረቤት አገር ሄደው ያለ ሥራ ፈቃድ ይሠራሉ። በእኔ ጊዜ ዴንማርካዊው ሁለት ዓመት ኖሮ የስዊድን ዜግነት ማመልከት ይችል ነበር፣ እኔን አምስት ዓመት ጠበቀኝ። ዴንማርክ ደግሞ ፈተናው አልበቃ ብሎ ከ2019 ጀምሮ ዜግነት የሚቀበል ሰው በሥነ ሥርዓቱ ላይ እጅ እንዲጨብጥ ሕግ አወጣች። ስዊድን ከ2001 ጀምሮ ሁለት ዜግነት ትፈቅዳለች፤ ኢትዮጵያ አትፈቅድም። ስለዚህ አሁን ስዊድናዊ ነኝ፣ ኪሴ ውስጥ ደግሞ «ትውልደ ኢትዮጵያዊ» የሚል ቢጫ ካርድ አለ። ያቺን ልጅ ማልሞ ብትወለድም የስዊድን ስታቲስቲክስ «የውጭ አገር መነሻ ያላት» ብሎ ይመዘግባታል፤ እናትና አባቷ ሁለቱም ውጭ የተወለዱ ናቸውና።

በመጨረሻ እሷኑ ጠየቅኳት። መጨረሻ መቼ ነው ያልሽው?

«ባለፈው ክረምት፣ አዲስ አበባ» አለች፣ ትንሽም ሳታስብ። «አክስቴ ቤት በር ላይ ጫማዬን ሳወልቅ ሁሉም ሳቁ። የአክስቴ ልጅ ‹ምን ሆነሽ ነው?› አለችኝ። ‹እኛ ስካንዲኔቪያ እንዲህ ነው የምናደርገው› አልኳት።»

«እኛ ነው ያልሽው?»

«አዎ። ምን ልበል ታዲያ?»

ደብተሩ ላይ ቃሏን እንዳለ ጻፍኩት፤ ስሟን ግን አልጻፍኩም።

የኮፐንሃገኑ ወዳጄ ባለፈው ሳምንት ደግሞ ጋብዞኛል። መልእክቱ ላይ «ፍሮኮስት» ካለ በኋላ ሰዓቱን በቁጥር ጽፎ፣ ከጎኑ የፀሐይ ሥዕል አድርጎበታል፤ ፀሐይዋ አናት ላይ ናት።