የደፈረሰ እንክብል

ሐምሌ ነው። ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም። የፖታሲየም ብሮማይድ እንክብሌ ለሦስተኛ ጊዜ ደፈረሰብኝ።

እንክብል የምላት ክኒን የምታክል ስስ ነገር ናት። 1 ሚሊግራም የጫት ቅጠል ዱቄት ከ100 ሚሊግራም ፖታሲየም ብሮማይድ ጋር በትንሿ የአጌት ድንጋይ ሙቀጫ ይደቆስና በፕሬስ ይጨመቃል። ሲሳካ እንደ መስታወት ታሳልፋለች። የኔዋ ግን አጓት መሰለች። ይህ ጨው እርጥበት ይስባል፤ ከኦቭን አውጥቼው ሁለት ቃል እስካወራ ድረስ ከአየሩ ጠጥቶ ይጠብቀኛል። የማይታይ ብርሃን በእንክብሏ አሳልፎ በውስጧ ያለውን ለሚለየው ኢንፍራሬድ ደግሞ እንደ ውሃ ያለ ጠላት የለም። በመሣሪያው ግራፍ ላይ በሞገድ ቁጥር 3400 አካባቢ ትልቅ ጉብታ ይሠራል። ሌላው 1640 ላይ ነው፤ ሄዶ ሄዶ የፕሮቲኑ መስመር ላይ ይከመራል።

ባለፈው ወር ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ ጫቱን በሙሉ አደረቅሁት። ግማሹን ለኢንፍራሬዱ፣ ግማሹን ንጥረ ነገሮችን ለያይቶ ለሚለካው ኤችፒኤልሲ። ክሮማቶግራሙ (የኤችፒኤልሲው ግራፍ) ሲወጣ የካቲኖን፣ የጫት ዋናው አነቃቂ፣ ፒክ የለም ማለት ይቻላል። ደካማ ዘመዱ ካቲን ግን ተኮፍሶ ቆሟል። ንጥረ ነገሮቹ የሚለያዩበትን ቱቦ፣ ኮለምኑን፣ ጠረጠርኩ፣ አጠብኩት። ማነጻጸሪያውን ስታንዳርድ ደግሜ አስገባሁ። ሁለት ቀን እንዲሁ አለቀ። ከዚያ ነው ጅልነቴ የገባኝ። ቅጠሉ ሲጠወልግና ሲደርቅ ካቲኖን ወደ ካቲንና ኖርኤፌድሪን ይለወጣል። አንብቤውም ነበር እኮ! ድሮም ለረጅም ዓመታት የጫት ዋና ንጥረ ነገር ካቲን ነው ሲባል ቆይቷል፤ ካቲኖን የተለየው በ1975 እ.ኤ.አ. ነው።

ዛሬ በጠዋት ወደ ጫት ተራ ወረድኩ። ሻጯ እስሩን በሙዝ ቅጠል ጠቅልላ ውሃ ረጨት አደረገችበት።

«እትዬ፣ ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምታደርጊው?»

«ከጠወለገማ ማን ይገዛኛል ልጄ?»

ሁለት ቀን ኮለምን ሳጥብ የከረምኩትን ነገር ለእሷ መንገር አፈርኩ።

ላብራቶሪ እንደደረስኩ ለኤችፒኤልሲው የሚሆነውን ትኩሱን ከትፌ አሲድ ባለበት ውሃ ውስጥ ነከርኩት። ካቲኖን በአሲድ ተቃራኒ፣ በቤዝ ውስጥ አይበረክትም። ቀጥሎ በ0.45 ማይክሮሜትር ማጣሪያ ማሳለፍ ነበር፤ ሲሪንጁ እምቢ ብሎ አውራ ጣቴን አሳመመኝ። ዝቃጩ እንዲወርድ በሴንትሪፉጅ ሳላሽከረክረው ቸኩዬ ነው። ቀሪውን ቅጠል ለኢንፍራሬዱ ብዬ ማድረቂያ ውስጥ አስገባሁት። ናሙና ከእርጥበት የሚጠበቅበት ዕቃ፣ የዴሲኬተሩ፣ ሲሊካ ጄል ግን እርጥበት ጠግቦ ወደ ሮዝ ዞሯል፤ ሰማያዊ እስኪሆን እሱንም ኦቭን ውስጥ መክተት አለብኝ።

የላብራቶሪው ቴክኒሻን ሲገባ የሙዝ ቅጠሉን ጥቅል የበረዶ ሳጥኑ ላይ አየው።

«በርጫው እዚህ ሆነ እንዴ?»